የኮሶዬው የኋላ መስታወት

ለወንድሜ ለአያ ጃቢር ቡሽራ
ሻርጃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከተለያየን ወዲህ ጤናህ እንደምን ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይ? የሻርጃ ሙቀት ዛሬም ሰው ይጠብሳል ወይስ ትንሽ ራራላችሁ? ባለቤትህ ሰዓዳስ እንዴት ናት? ልጆቹ አደጉ? አማርኛ ይሰማሉ ወይስ አያታቸውን በእጅ ምልክት ነው የሚያናግሯት? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ሥራህ፣ ሁሉም ሸጋ ነው? አላህ በሙሉ ጤና ያቆይህ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ለማንበብ ጤና ያስፈልግሃልና።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በወጉ ቢሆን አሁን የምነግርህ ስለ እማዬ ደረት፣ ስለ አባባ ጉልበትና ስለ እህታችን ስለ ሃጂራ አዲስ ጎጆ ነበር። ነገር ግን ለአባባ በላክኸው የድምፅ መልእክት አስቀድመህ የጠየቅኸው ስለ ማኪናዋ ስለሆነ፣ እኔም ታናሽ ነኝና ቅደም ተከተልህን አከብራለሁ። የማኪናህ ሞተር ደህና ነው። አራቱም ጎማዎቿ እጅ ነሥተውሃል። ወንበሮቿ የአጎታችን ልጅ ሷሊሕ እንዳይወልቅ ባዘዘው ላስቲክ እንደተጠቀለሉ ናቸው፤ ፀሐይ ሲበረታ የተቀመጠባቸው ሰው ሲነሣ ልብሱ አብሮት ይነሣ አይነሣ እንደሆነ ይጨነቃል። የግራ የኋላ በሯ መስታወት ብቻ ከእኛ ጋር የለም። ሌባ አልሰበረውም፤ ድንጋይም ተስፈንጥሮ አልመታውም። እኔ ዐዚዛ ቡሽራ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በዘነዘና ሰብሬዋለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና አፌን ስከፍት «ቆይ ዐዚዛ፣ ቆይ እንጂ» ትላለህ፤ ቀጥሎ ኔትወርኩ ይጠፋል። ይኸው ኔትወርክ አንተ ስለ መስታወቱ ስታወራ እንደ ችካል ቀጥ ብሎ መቆሙ ይገርመኛል። ወረቀት ግን ቆይ ቢሉት አይሰማም። የጎረቤታችን ልጅ ወደ ሻርጃ ሲመለስ ደብዳቤውን በእጅህ ይሰጥሃል፤ አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይል አደራ ብዬዋለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ሃጂራ ልታገባ ነው ብለን ስንነግርህ ሥራ በዝቶብኛል፣ መምጣት አልችልም አልህ፤ በአንተ ፋንታ ማኪና መጣች። ጃቢር ማኪና ላከ የሚለው ወሬ አዲስ ዓለምን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረሰው። እማዬ ማኪናዋ ግቢ ስትገባ ጠጋ ብላ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች። ዞራ የኋላውንም ወንበር አየች። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት ምንም አለችኝ።

ከዚያ በቪዲዮ ደውለህ ትምህርት ሰጠኸን። አባባ መነጽራቸውን አድርገው፣ እኛ በዙሪያቸው ኮልኮል ብለን አዳመጥንህ። ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ ማዞር የድሮ ሰው ሥራ ነው አልህ። የዚች ማኪና ቁልፍ ከኪስ አትወጣም። ሰው የበሩን እጀታ ሲነካ ማኪናዋ በራዲዮ ሞገድ ማነህ ብላ ትጠይቃለች፤ ቁልፏም ኪስ ውስጥ እንዳለች የምስጢር ቃሏን ትመልሳለች፤ ቃሉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ሌባ ቢሰማውም አይጠቅመውም። ቃሉ ልክ ከሆነ በየበሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ሞተር ዘንጓን ስባ መቆለፊያውን ትለቃለች። ቁልፏ ጥቂት እርምጃ ስትርቅ ደግሞ ማኪናዋ ማንም ሳያዛት ራሷን ቆልፋ፣ የጎን መስታወቶቿን እንደ ጆሮ አጥፋ ትተኛለች። የበሮቿም መስታወት እንደ አሮጌው ፒካፓችን በእጅ እየተዘወረ አይወርድም፤ በተኑን ስትጫነው በሩ ውስጥ ያለ ሌላ ሞተር በጥርስና በገመድ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። ሲዘጋ የሕፃን ጣት ካገኘም ያውቃል፣ ተመልሶ ይወርዳል አልህ። አባባ ሱብሐነላህ አሉ። እኔም ገርሞኛል፣ አልዋሽም። መስታወቱ ለጣት እንደሚራራ ሰማን፤ ለደረት ይራራ እንደሆነ የጠየቀህ ግን አልነበረም።

እኔ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነበር፤ ቁልፏ ስንት ናት? ሁለት ናት፣ አንዷ ለእናንተ ትበቃለች፣ ሁለተኛዋን ለጥንቃቄ እኔ ጋ አስቀርቻለሁ አልህ። የምን ጥንቃቄ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሻርጃ ተቀምጠህ ጎንደር ያለች ማኪና እጀታ ልትነካ ነው? ወይስ እኛ ሰርቀን እንዳንሸጣት ነው? የመጣችውም ቁልፍ እኔ መንጃ ፈቃድ እያለኝ፣ የአባባን ፒካፕ ሱቅ እያመላለስሁ እያየህ፣ ለሷሊሕ ትሰጥ ብለህ ፈረድህ። ሷሊሕም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሾመ። በሾፌሩ በር ላይ የሁሉንም መስታወት የምታግድ አንዲት በተን አለች፤ እርሷን ከተጫነ በኋላ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አየር ሲያምረው ማመልከቻ ማቅረብ አለበት። እማዬ አመልክታ ነበር። አቧራ ይገባል ተብሎ ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። የሙሽሪት እናት ልጇን መርቃ ሸኝታ ቤቷ እንደምትቀር፣ ከሠርገኛ ጋር እንደማትዞር አንተም ታውቃለህ። አንተ ግን ደወልህና፣ እማዬ ከማኪናዋ ጎን ቆማ፣ ከኋላዋ የኮሶዬ ገደል እየታየ ፎቶ ትነሣልኝ፣ ለጓደኞቼ የማሳየው ነው አልህ። ሙሽራው የማክሰኝት ልጅ ነው። ማክሰኝት በባሕር ዳር መንገድ፣ ኮሶዬ በደባርቅ መንገድ መሆኑን ከአገር ርቀህ ረስተኸው ይሆናል። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሠርግ በአንተ ትእዛዝ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ወጣ። እኔ ኮሶዬ ብርድ ነው፣ እማዬ አስም አለባት፣ ፎቶውን እዚሁ በር ላይ እናንሣት አልሁ። ሷሊሕ ጃቢር ብሏል አለ። በቤታችን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። እማዬም ልጄ ከፈለገ ምን አለበት ብላ ካፖርቷን ደርባ ተነሣች።

እዚህ ላይ ስለ ሚዜው መናገር አለብኝ። ሚዜ ከሙሽሪት ቤት አንዳች ነገር ሳይሰርቅ ከወጣ ፈዛዛ ይባላል። ማንኪያም ቢሆን፣ ስኒም ቢሆን ይሰርቃል፤ በኋላ በሳቅ በጨዋታ ይመለሳል። የሙሽራው ሚዜ ዐብዱልከሪም ዓይን አፋር ልጅ ነው። ከሴቶቹ መካከል ገብቶ ማንኪያ መስረቁ አሳፈረው መሰለኝ፣ ሷሊሕ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ሲሄድ መስኮቱ ላይ ትቷት የነበረችውን ጥቁር የምታብለጨልጭ ነገር አይቶ፣ የሽቶ ዕቃ መስላው፣ ኪሱ ከተታት። እርሱ የሚያውቀው ቁልፍ ጥርስ ያለውን ነው፤ ጥርስ የሌላት ቁልፍ ከየት ያውቃል? ሌላ አገር ቢሆን ሠርገኛ የሚሄድበትን ማኪና ቁልፍ ማን ይሰርቃል? የእኛ ሚዜ ግን ሰረቀ፤ ወጉን ፈጸመ።

ሷሊሕስ ቁልፏን አልፈለጋትም? አልፈለጋትም። እጀታውን ሲነካው በሩ ተከፈተ፣ በተኑን ሲጫነው ሞተሩ ተነሣ፤ ማኪናዋ ከታዘዘች ቁልፏ ኪሴ አለች ብሎ አመነ። ማኪናዋ የታዘዘችው ግን ከኋላ ወንበር ከሙሽሮቹ ጎን ለተቀመጠው ሚዜ ነበር። ለእርሷ ሌባና ባለቤት አንድ ናቸው። ቁልፏ በማን ኪስ እንዳለች አትጠይቅም፤ መኖሯን ብቻ ነው የምትጠይቀው። እማዬ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ በሙሽራው ዘመዶች ማኪና ተከተልሁ፣ ጡሩንባ እየተነፋ ኮሶዬ ወጣን።

የኮሶዬን ነፋስ ታውቀዋለህ። ሙሽሮቹ ፎቶ ተነሡ፤ ቀጥሎ የእማዬ ተራ ሆነ። ሷሊሕ ካፖርቱና ቦርሳው ለፎቶ አይሆኑም፣ ጃቢር ያያል ብሎ ከላይዋ አወለቀና የኋላ ወንበር ላይ ወረወራቸው፤ በሩንም ዘጋው። እማዬ በቀጭን ሻሽ ብቻ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመች። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ አላት፤ ፈገግ አለች። ያን ፎቶ አይተኸዋል። ለጓደኞችህ ስታሳያቸው ትከሻዋ ለምን እንደተሸማቀቀ ንገራቸው።

ሠርገኛው መሽቷል ብሎ ተቻኮለ። ከዚያ ወዲያ ሙሽሮቹና ሚዜው በሙሽራው ዘመዶች ማኪና ወደ ማክሰኝት ሊወርዱ፣ እኔና እማዬ በአንተ ማኪና ወደ ቤት ልንመለስ ነበር የታሰበው። ሃጂራ እማዬን አቅፋ አለቀሰች፤ ገቡ፤ ከበሮው ተመታ፤ ሄዱ። ማኪናህም ያን ጊዜ ጢው አለች። መብራቷ ብልጭ አለ፤ የጎን መስታወቶቿ ታጠፉ። ሷሊሕ ሳቀ። ጃቢር የነገረን ይኸውላችሁ፣ ራሷን ስትቆልፍ አያችሁ አለን። ከዚያ ኪሱን ዳሰሰ። ሌላውንም ኪስ ዳሰሰ። ሳቁን ያን ጊዜ ተወው።

እማዬን መጀመሪያ ያዛት ሳል ነበር። ከዚያ ሳሉ ቆመና ያ ፉጨት የሚመስለው አተነፋፈስ መጣ። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ነጠላዬን ደረብሁላት። መናገር ስላልቻለች በእጇ ወደ ማኪናዋ አመለከተችኝ። ቦርሳዋ የኋላ ወንበር ላይ አፉ ተከፍቶ ወድቋል፤ የምትስበው መድኃኒቷ ሰማያዊ ጫፉ ብቅ ብሎ ይታያል። አያ ጃቢር፣ ይታያል ነው የምልህ። በእኔና በእናታችን እስትንፋስ መካከል የነበረው መስታወት ብቻ ነው፤ ያውም የተወለወለ።

ሷሊሕ በማኪናዋ ዙሪያ እየዞረ አራቱንም እጀታ ጎተተ። ማነህ ብላ ጠየቀችው መሰለኝ፤ የሚመልስላት አልነበረውም። ቁልፏን ለውዱእ ስሄድ መስኮቱ ላይ ትቻት ነበር ሲለኝ ሚዜው እንደሰረቃት ገባኝ። ዐብዱልከሪም ጋ ደወልን፤ ይጠራል፣ አይነሣም፤ በከበሮና በጭብጨባ መካከል ስልክ ማን ይሰማል? በቁልፏ ሆድ ውስጥ ለክፉ ቀን ተብላ የተደበቀች የብረት ቁልፍ እንዳለች ሷሊሕ ያን ጊዜ ነገረኝ። የክፉ ቀኗም ቁልፍ ከሚዜው ጋር እየጨፈረች ነበር። አሮጌው ፒካፕ ቢሆን መስታወቱን በሁለት መዳፍ ተጭነን ዝቅ እናደርገው ነበር፤ አንተም ልጅ ሆነህ አድርገኸዋል። የአንተን ግን ሞተሩ ከታች ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፤ ሞተሩም ያለ ቁልፏ ፈቃድ አይንቀሳቀስም።

መስታወቱን እንስበረው አልሁ። ሷሊሕ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሆንም አለና ደወለልህ፤ እማዬም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። እናትህ መተንፈስ አቅቷታል፣ መድኃኒቷ ውስጥ ተቆልፎበታል ብሎ በደንብ ነው የነገረህ፤ ለዚህስ አላማውም። አንተም በደንብ ነው የሰማኸው። ስለ ሞገዱ፣ ስለ ሞተሩ፣ በሩን በሽቦ እንከፍታለን ብትሉ ኮምፒውተሯ እንደሚበላሽ አስረዳኸን። ከዚያ እንዲህ አልህ፤ ቃልህን አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁበትም።

«መስታወቱን እንዳትነኩት። እዚያ አገር አይገኝም። ቁልፏ እስክትመጣ ጠብቁ።»

እማዬ ድንጋዩ ላይ ሆና ሰማችህ። ወደ ማኪናዋ ዘርግታ የነበረውን እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚነሣኝ እርሱ ነው፤ ጉድለት የተገኘባት ይመስል እጇን መሰብሰቧ።

ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ያላት እጅጋየሁ የምትባል ሴት በርበሬ ትወቅጥ ኖሯል፤ ጩኸታችንን ሰምታ ዘነዘናዋን እንደያዘች መጣች። እማዬን አየች፣ ቦርሳውን አየች፣ ሷሊሕን ከነስልኩ አየችው። «ምነው፣ ማኪና ሰው ነው እንዴ የምትለምኑት?» አለች። ዘነዘናውን ከእጇ ተቀበልሁ። ሷሊሕ እጆቹን ዘርግቶ ከመስታወቱ ፊት ቆመ። ያንን የሠርግ ሱፉን ለብሶ፣ ለአንተ መስታወት ሊሰዋ ነው። ጃቢር ምን ይላል ብሎ ሳይጨርስ እጅጋየሁ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ እንደ በርጩማ ከመንገድ አወጣችው።

መጀመሪያ መካከሉን ብመታው ነጥሮ ተመለሰብኝ። የሻርጃ ዕቃ ጠንካራ ነው፣ እመሰክራለሁ። ቀጥዬ ጥግ ጥጉን ስለው እንደ በረዶ ብትንትን ብሎ ወረደ። ያን ጊዜ ማኪናዋ መጮህ ጀመረች። እናታችን ስትታነቅ ትንፍሽ ያላለች ማኪና መስታወቷ ሲነካ አገር ይያዝልኝ አለች፤ ጠባይዋ ማንን እንደሚመስል አልነግርህም። እጄን ሰድጄ ቦርሳውን ጎተትሁ። እማዬ መድኃኒቷን ሳበች፤ ደግማ ሳበች። ከንፈሯ ቀለሙ እስኪመለስ ድረስ እጅጋየሁ ጀርባዋን ይዛ፣ እኔ እጇን ይዤ፣ ማኪናህ ከኋላችን እየጮኸች ቆየን። ከደባርቅ የመጣ ሚኒባስ አሳፍሮን ወረድን። ሷሊሕ ለማኪናዋ ዘብ ቀረ።

ዐብዱልከሪም ነገሩን እንደሰማ ሠርጉን ጥሎ ተመልሶ ቁልፏን ኮሶዬ አደረሰ፤ ከዚያ በቀጥታ እኛ ቤት መጥቶ እማዬ እግር ላይ ወደቀ። እርሷም አነሣችውና እራት በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ባዕድ ልጅ ነው። ቁልፍ ሰርቋል። እግሯ ላይ ግን ወድቋል።

የአንተ መልእክት በማግሥቱ መጣ። መስታወቱን ማን ስበሪ አላት፣ ዐዚዛ ከእንግዲህ ከማኪናዋ አጠገብ እንዳትደርስ፣ ሷሊሕ እንዲቆጣጠር። ረጅም መልእክት ነው፤ አባባ ጉልበታቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡት። እማዬ የሚለው ስም ይመጣል ብለው መሰለኝ ካለቀ በኋላም ስልኩን ከጆሯቸው አላነሡትም። ከዚያ «እናቱን አልጠየቀም» አሉ። ሷሊሕን ጠርተው ቁልፏን ተቀበሉትና ለእኔ ሰጡኝ።

ስለዚህ ማኪናህ ዛሬ የምትታዘዘው ለእኔ ኪስ ነው። በመስታወቱ ቦታ ላስቲክ ወጥሬያለሁ፤ ነፋስ ሲያንኳኳው ትጮኻለች፣ ሰፈሩ ለምዷታል። ነገር ግን እማዬ አልሳፈርም ብላለች። ለደረቷ ክትትል ሆስፒታል ስትሄድ ማኪናዋን ግቢ ትታ በባጃጅ ነው የምትሄደው፤ ብርዱም አቧራውም እየነፈሰባት። ለምን ስላት ሌላ ነገር ብሰብርበትስ ትለኛለች። በሚዜው አልተናደድሁም፤ በማኪናዋም አልተናደድሁም፣ እርሷ እንደተሠራችው ሠርታለች። እኔን ያቃጠለኝ እናታችን በገዛ ልጇ ማኪና እንደ ሰው ዕቃ ተጠንቅቃ እንድትቆም ማድረግህ ነው። ያን ማንም ባለሙያ አይጠግነውም፤ ዕቃውም በእርግጥ እዚህ አገር አይገኝም።

አሁን የምልህን ስማ። ሁለተኛዋን ቁልፍ ለዚህ ደብዳቤ አምጪ እንዳትሰጠው። በፖስታም አትላካት። ራስህ ይዘሃት ና፤ እማዬንም እጇን ይዘህ ከፊት ወንበር አስቀምጣት፣ መስታወቱን እርሷ እንዳሻት ታውርደው። እስክትመጣ ድረስ ለእኔ አትደውል፤ ለአባባም፣ ለሷሊሕም አትደውል። ለእማዬ ደውል። ስለ ማኪና አንዲት ቃል ሳትናገር መዝጋት ትችል እንደሆነ ሞክር።

ሰዓዳን አክብሬ ሰላም ብያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ብታነብብልህ አልቃወምም። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ በላት። ከዚህ አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ብዙ አላሉም። ሃጂራ ከነባሏ ከማክሰኝት ሰላም ብላሃለች፤ ከኮሶዬው ፎቶ የእማዬን ምስል ብቻ ቆርጣ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ሷሊሕም ሰላም ብሎሃል፤ ከእኔ ጋር ባይነጋገርም በአባባ በኩል ልኮታል።

እማዬ አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። ለጃቢር እየጻፍሁ ነው ስላት የእኔንም ሰላምታ ጨምሪ አለችኝና እንዲህ ብላ አስጻፈችኝ፦ ልጄ ጃቢር፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ደረቴም ተሽሎኛል። መስታወቱ ተሠርቷል፣ እንደ ድሮው ነው፣ እንዳታዝን። የዚያን ቀን ድምፅህን በመስማቴ ደስ ብሎኛል።

እንዳለችው ጻፍሁ። መስታወቱ አልተሠራም።

እህትህ ዐዚዛ ቡሽራ
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
የካቲት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.